«እንዲል» የጎደለው ድርሰት

«ክረምት ማለት ዝናብ በብዛት የሚዘንብበት ወቅት ነው። ክረምት ብዙ ጥቅምና ጉዳት አለው። ከጥቅሞቹ መካከል ለእርሻ መዋሉ አንዱ ነው። ከጉዳቶቹ መካከል ጎርፍ ማስከተሉ ይጠቀሳል። ስለዚህ ሁላችንም ክረምትን በአግባቡ ልንጠቀምበት ይገባል።»

ይህን ድርሰት ማን ጻፈው? ሁላችንም። ርዕሱ «ንጽሕና» ሊሆን ይችላል፣ «የደን ጥቅም» ወይም «ትምህርት»፤ አጥንቱ ግን አንድ ነው። በ«ማለት» ይከፈታል፣ በ«ጥቅምና ጉዳት» መሀሉ ይሞላል፣ በ«ስለዚህ ሁላችንም» ይዘጋል። ቦታ ከተረፈ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ጣል ይደረግበታል። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ ይመጣና አራት ነጥብ የጎደለበትን ያከብባል፤ ከ10 ሰባት። አለቀ።

በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ስለ 5ኛ ክፍል ድርሰት ሂስ መጻፍ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ግን እስቲ አስቡት፤ ልቦለድ የጻፈ ሰው ከመካከላችን ስንት ነው? ግጥም እንኳ ሁሉም አይጽፍም። የተማሪ ድርሰት ያልጻፈ ግን የለም። የብዙዎቻችን የመጀመሪያ፣ የአንዳንዶቻችን ደግሞ የመጨረሻ የጽሑፍ ሥራ እሱ ነው። ዘውግ ከሆነ ዘንድ ሂስ ይገባዋል። የእኔ ሂስ አጭር ነው፦ ይህ ድርሰት ማንንም አያስረዳም፣ ምክንያቱም ከመጻፉ በፊት ምንም አላነበበም።

ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት

የአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት ድርሰትን በአራት ይከፍሉታል፦ ተራኪ፣ ገላጭ፣ አስረጂ፣ አመዛዛኝ። እዚህ የምናወራው ስለ ሦስተኛው ነው፤ ስለ አንድ ጉዳይ መረጃ ሰጥቶ ስለሚያብራራው። ስሙን ልብ በሉልኝ። መረዳት፣ ማስረዳት፣ አስረጂ፣ ማስረጃ፤ አራቱም ዘመዳሞች ናቸው። ቋንቋው ራሱ ሥራውን በቅደም ተከተል አስቀምጦታል፤ መጀመሪያ ትረዳለህ፣ ቀጥሎ ታስረዳለህ፣ የምታስረዳበት ነገር ደግሞ ማስረጃ ይባላል። መቁረጫ የመቁረጥ፣ መክፈቻ የመክፈት መሣሪያ እንደሆነ ሁሉ ማስረጃም የማስረዳት መሣሪያ ነው። ማስረጃ የሌለው አስረጂ ድርሰት ማለት እንግዲህ መክፈቻ ሳይዙ ጣሳ ለመክፈት መታገል ነው።

ክፍል ውስጥ ግን ይህ ዝምድና ተቆርጧል። የአማርኛ መጽሐፍ አንድን ምዕራፍ ብታዩ አብዛኛውን ጊዜ ማዳመጥና መናገር አለው፣ ምንባብ አለው፣ «አንብቦ መረዳት» የሚሉ ጥያቄዎች፣ ቃላት፣ ሰዋስው፣ ጽሕፈት አሉት። ልጁ ስለ ደን አንድ ገጽ ተኩል ያነባል። «እውነት» ወይም «ሐሰት» ይላል፣ ከሀ እስከ መ ያለውን ያከብባል። ሁለት ገጽ ገልጦ ጽሕፈት ላይ ሲደርስ «ስለ ደን ጥቅም አንድ አንቀጽ ጻፉ» ይባላል። በዚህ ጊዜ ስለ ደን የሚያውቀውን ሁሉ የነገረው ምንባብ ሁለት ገጽ ወደኋላ ተቀምጧል። ተመለስና እይ የሚለው የለም። እንዲያውም ተመልሶ ካየ «መኮረጅ» እንዳይመስልበት ይፈራል። ስለዚህ ከራሱ ያወጣል። ከራሱ ውስጥ ያለው ደግሞ «ማለት» እና «ስለዚህ ሁላችንም» ነው።

መረዳቱ በአንድ ገጽ፣ ማስረዳቱ በሌላ ገጽ ቀረ። ማስረጃው የትም የለም።

ሁለት ጎፋ

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር ወደ አንድ ሰፈር እንውረድ፤ ጎፋ። ጎፋ ማዞሪያ፣ ጎፋ ገብርኤል፣ ጎፋ ካምፕ እያልን የምንጠራው፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ያለው። እዚያ የሚኖር የ5ኛ ክፍል ልጅ «ስለ አካባቢህ ጻፍ» ቢባል በለመደው መንገድ ምን ይጽፋል? «ጎፋ ማለት በአዲስ አበባ የሚገኝ ሰፈር ነው። ጎፋ ብዙ ሱቆችና ትምህርት ቤቶች አሉት። ስለዚህ ሁላችንም አካባቢያችንን በንጽሕና ልንጠብቅ ይገባል።» አሁን ጎፋን አውጡና ሳሪስን አስገቡ። ላፍቶን አስገቡ። ደሴን አስገቡ። ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቀጥላል። ርዕሱ ሲቀየር ንቅንቅ የማይል ድርሰት ስለ ርዕሱ አልተጻፈም ማለት ነው። ለማንኛውም አስረጂ ጽሑፍ፣ የአዋቂም ቢሆን፣ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አላውቅም።

ያው ልጅ አንዲት ጥያቄና አንድ አጭር ምንባብ ቢሰጠውስ? ለምሳሌ «ንፋስ ስልክ ለምን ንፋስ ስልክ ተባለ?» ልጆች መጀመሪያ የሚገምቱት የታወቀ ነው፤ ነፋስ ስለሚበዛበት። ምንባቡ ግን እዚያ አካባቢ የሽቦ አልባ ግንኙነት ጣቢያ እንደነበረ፣ መልእክት ያለ ሽቦ «በነፋስ» ስለሚሄድ ስሙ ከዚያ እንደመጣ ይነግረዋል። አሁን ልጁ የሚጽፈው ነገር አገኘ። ከዚህም በላይ፣ ግምቱና ያነበበው ነገር ሲጋጩ አየ። የመማር ስሜት ማለት ይኸው ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከባድ ነው፤ ግን ከባድ ስለሆነ ልንዘለው አይገባም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. «ጎፋ ላይ ናዳ ደረሰ» የሚለውን ዜና የሰማ የጎፋ ማዞሪያ ልጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የኛ ጎፋ ነው እንዴ?» ብሎ ነው። አይደለም፤ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ያለው ጎፋ ዞን ነው። ሁለት አጫጭር ጽሑፎች እንስጠው።

ጽሑፍ ሀ፦ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ ናዳ ደረሰ። የተቀበሩትን ለማውጣት በተሰበሰቡ ሰዎች ላይ ሌላ ናዳ ወረደባቸው። ሐምሌ 16 የአካባቢው ባለሥልጣናት የሟቾች ቁጥር 229 መድረሱን ተናገሩ።

ጽሑፍ ለ፦ ሐምሌ 18 የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ የሟቾች ቁጥር 257 መድረሱን አስታወቀ፤ ገና ሊጨምር እንደሚችልም ገለጸ።

የለመደው ድርሰት «ናዳ ማለት የመሬት መንሸራተት ነው፤ ናዳ ብዙ ጉዳት አለው» ብሎ ያልፍ ነበር። ሁለቱን ጽሑፎች ፊቱ አስቀምጦ የሚጽፍ ልጅ ግን ወደዚህ ሊደርስ ይችላል (ለማሳያ ያህል እኔ ያቀናበርኩት ነው)፦

«በጎፋ ዞን የደረሰው ናዳ ብዙ ሰው የገደለው አንዴ ብቻ ስላልወረደ ነው። ጽሑፍ ሀ እንደሚለው የተቀበሩትን ለማውጣት በተሰበሰቡ ሰዎች ላይ ሌላ ናዳ ወርዷል። ይህ ማለት ለመርዳት የሄዱትም ሞተዋል ማለት ነው። የሟቾች ቁጥር በጽሑፍ ሀ 229፣ በጽሑፍ ለ 257 ነው። የተለያዩት ቀናቸው ስለሚለያይ ይመስለኛል፤ ጽሑፍ ለ ከሁለት ቀን በኋላ የወጣ ነው፣ ቁጥሩ ሊጨምር ይችላልም ብሏል።»

ቋንቋው የልጅ ነው፤ ያሸበረቀ ቃል የለበትም። ግን ሦስት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ «ማለት» እዚህም አለ፤ ሥራው ግን ተቀይሯል። በመጀመሪያው ድርሰት «ማለት» ሁሉም የሚያውቀውን ይፈታ ነበር፤ እዚህ «ይህ ማለት» የተነበበውን ይተረጉማል። ሁለተኛ፣ ልጁ ሁለት የማይመሳሰሉ ቁጥሮች አይቶ አንዱን አልደበቀም፤ ለምን እንደተለያዩ ጠየቀ። ሦስተኛ፣ «ይመስለኛል» አለ። ጽሑፉ የነገረውንና ራሱ ያሰበውን ለየ። እነዚህን ሦስቱን አሟልቶ የሚጽፍ አዋቂ በየቀኑ አታገኙም።

ፈረንጅ ያመጣው አይደለም

ማስረጃ ጠቅሶ መጻፍ ሲባል ብዙዎቻችን የዩኒቨርሲቲ ሪሰርች፣ የግርጌ ማስታወሻ፣ የፈረንጅ ሥርዓት ትዝ ይለናል። የአብነት ትምህርት ቤት ሰዎች ግን ይስቁብናል። በትርጓሜ ቤት መምህሩ አንዱን ቃል ይፈታሉ፤ «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ ይጨምራሉ፤ ከዚያ ፍቺውን የሚደግፍ ጥቅስ ከሌላ መጽሐፍ አምጥተው «እንዲል» ብለው ያስሩታል። «እንዲል» ትንሽ ቃል ናት፤ ሸክሟ ግን ትልቅ ነው። «ይህን ከራሴ አላመጣሁትም፣ ሄደህ ማየት ትችላለህ» ማለት ናት። የላይ ቤትና የታች ቤት ተብሎ የትርጓሜ ስልት እስኪለያይ ድረስ የተከራከሩ ሊቃውንት የነበሩበት አገር ነው። ታዲያ የልጅ ልጆቻቸው ድርሰት ሲጽፉ «እንዲል» የማይሉት ለምንድን ነው?

ይህን ስል የአብነቱን መንገድ እንዳለ ወደ 5ኛ ክፍል እናምጣ ማለቴ አይደለም። እዚያ ጥቅሱ በቃል የተያዘ ነው፤ የሚጠቀሰውም በብዛት ለማጽናት እንጂ ለመመርመር አይደለም። የተጠቀሰው መጽሐፍ ራሱ ተሳስቶ ይሆን ብሎ መጠየቅ የተማሪው ድርሻ አይደለም። የ229 እና የ257 ልጅ ግን ያንን መጠየቅ አለበት። ከአብነቱ ልንወርስ የሚገባው ሁለት ነገር ነው፤ «እንዲል» ምንጩን ማሳየት ነው፣ «አንድም» ደግሞ ሁለት ንባብ ጎን ለጎን አስቀምጦ አለመደንገጥ ነው።

የተነጋሪ አማርኛችንም ቢሆን ለዚህ ባዶ አይደለም። «ታክሲ ዋጋ ጨመረ» እና «ታክሲ ዋጋ ጨመረ አሉ» አንድ አይደሉም፤ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ልዩነቱን ይሰማዋል። «አሉ» ወሬ ነው፤ ተናጋሪው እጁን ታጥቧል። «ይባላል» ትንሽ ይከብዳል፤ ባለቤቱ ግን አሁንም አይታወቅም። «እማማ እንደነገሩኝ» ስንል ሰው ገባበት። «መጽሐፉ ገጽ 12 ላይ እንደሚለው» ስንል ደግሞ ማንም ሄዶ ሊያየው የሚችል ሆነ። ልጁ ይህን መሰላል በአፉ ይዞት ነው ትምህርት ቤት የሚገባው። አስተማሪው ማድረግ ያለበት «አሉ» ባለ ቁጥር «ማን አለ?» ማለት ነው።

ጉዳዩ ከውጤት ካርድ የሚያልፈውም እዚህ ላይ ነው። ዛሬ «አሉ» በቴሌግራም ይሄዳል። ስሟ ያልታወቀ ገጽ ስክሪንሾት ትለጥፋለች፣ አንዱ «ሼር» ይላል፣ እስከ ማታ ሰፈር ይታመሳል። ይህን የሚያደርጉት ደናቁርት አይደሉም፤ 12 ዓመት የተማሩ ሰዎች ናቸው። ግን በ12 ዓመት ውስጥ «የት ላይ ይላል?» ተብለው የተጠየቁበትን ቀን ቁጠሩ ብትሏቸው ብዙዎቹ ጣታቸው አይሞላም።

እንዴት ይሠራል?

ይህን ከሚያነቡት መካከል ብዙዎቻችሁ ከትምህርት ወይም ከሥራ በኋላ የሰው ልጅ የምታስጠኑ፣ ወይም ቤት ውስጥ የታናሻችሁን ደብተር የምታዩ ናችሁ። ስለዚህ ሂሱን እዚህ ትቼ መሄድ አይሆንልኝም። ሥራው አምስት እርምጃ አለው፤ አንዱም ገንዘብ አይጠይቅም።

መጀመሪያ፣ ርዕስ ሳይሆን ጥያቄ ስጡ። «ውሃ» ርዕስ ነው። «ምንባቡ ውሃ የሚባክነው በምን በምን ምክንያት ነው ይላል?» ጥያቄ ነው። ርዕስ ልጁን ወደ ጭንቅላቱ ይልከዋል፤ ጥያቄ ወደ ምንባቡ ይመልሰዋል።

ሁለተኛ፣ በእርሳስ ያስምርበት። ሁሉንም ሳይሆን ጥያቄውን የሚመልሱትን ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ። መጽሐፉ የትምህርት ቤቱ ከሆነና መጻፍ ካልተፈቀደ የአንቀጹን ቁጥር ደብተሩ ላይ ይመዝግብ።

ሦስተኛ፣ መጽሐፉን ክደኑና «አሁን ለእኔ ንገረኝ» በሉት። በቃሉ ሲናገር የራሱን አማርኛ ይናገራል። ያንኑ ይጻፈው። መገልበጥን የሚከላከለው ቁጣ አይደለም፤ ይህች የተከደነች መጽሐፍ ናት።

አራተኛ፣ ማሰሪያውን ስጡት፦ «ምንባቡ እንደሚለው…»፣ «በአንቀጽ 2 እንደተጻፈው…»። ይህ የእኛ ዘመን «እንዲል» ነው።

አምስተኛው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው፤ ከማስረጃው በኋላ «እና ምን ይሁን?» ብሎ መጠየቅ። ቁጥሩን ጠቀስክ፤ ምን ያሳያል? ይህ ዓረፍተ ነገር ከሌለ ድርሰቱ የጥቅስ ክምር ይሆናል።

የቀረው መዝጊያው ነው። «ስለዚህ ሁላችንም» ክልክል አይደለም፤ ግን ልጁን «ይህን ምንባቡ ብሏል ወይስ አንተ ነህ ያልከው?» ብላችሁ ጠይቁት። እሱ ነው ያለው ከሆነ «እኔ እንደማስበው» ብሎ ይጀምር። ተረትና ምሳሌም ይግባ፣ ማን ጠላው፤ ማጣፈጫ ነው። ማስረጃ ግን አይደለም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስለ ድርም ስለ አንበሳም ምንም አላረጋገጠም።

«ማንበብ ሳይችሉ?»

ተቃውሞው ይገባኛል። በ2002 ዓ.ም. በ8 ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች በተደረገው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ለደረጃቸው ከተዘጋጀ ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከዚያ በኋላ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በሌሎች ቋንቋዎች አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል፤ ሥርዓተ ትምህርቱም ተቀይሯል። ቢሆንም ጥያቄው ጥያቄ ነው፤ ፊደል የሚያስቸግረውን ልጅ ማስረጃ አምጣ ማለት ግፍ አይሆንም?

አይሆንም፤ ምክንያቱም ማስረጃ ከንባብ በፊት በጆሮ ይጀምራል። መምህሯ ለ2ኛ ክፍል አጭር ታሪክ ታነባለች። «ጦጣዋ ለምን አዘነች?» ትላለች። «ስለራባት» ይላታል አንዱ። «በምን አወቅህ?» «ምግብ ፈልጋ አጣች ብለሽ አንብበሻል።» በቃ፤ ይህ ልጅ ማስረጃ ጠቅሷል። አንድም ፊደል አልጻፈም። በአሜሪካ በ2010 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው የጋራ የትምህርት መለኪያም ልጆች ከጽሑፍ ማስረጃ አውጥተው እንዲጽፉ የሚጠይቀው ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ዝግጅት በአብዛኛው ጠይቆ ማስመለስ ነው።

የአሜሪካኖቹ ልምድ ማስጠንቀቂያም አለው። እዚያ አስተማሪዎች «ጥያቄውን ድገም፣ መልስ፣ ጥቀስ፣ አብራራ» የሚል ባለ አራት እርምጃ ቀመር ለልጆች ያስይዛሉ። ቀመሩ ጀማሪን ይረዳል፤ ግን ፈተና ሲመጣበት ሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት አንቀጽ መጻፍ ይጀምራል። ማለትም «ክረምት ማለት» በሌላ ልብስ ይመለሳል። «ምንባቡ እንደሚለው» የምትለው ሐረጋችንም ያው ዕጣ ሊገጥማት ይችላል። ከዚህ የሚያድናት ቀመሩ ራሱ አይደለም፤ ልጁ በእውነት ማወቅ የሚፈልገው ጥያቄ መሆኑ ነው። «የኛ ጎፋ ነው እንዴ?» ዓይነት ጥያቄ።

ሌላው እንቅፋት የክፍሉ ብዛት ነው፤ 60 ልጅ ያለበት ክፍል 60 ድርሰት ማረም አይቻልም። አንድ ድርሰት ግን ሰሌዳ ላይ አብሮ መጻፍ ይቻላል፤ 60ውም ምንባቡን ይዘው «የት ላይ ነው?» እየተባባሉ። መጽሐፍ ባልደረሰበትም ክፍል አንድ አንቀጽ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ይቻላል። የማይቻለው፣ ትልልቆቹ ፈተናዎቻችን ሁሉ ማክበብና ማጥቆር ብቻ ሆነው ሳለ ትምህርት ቤቶች ከልብ እንዲያስጽፉ መጠበቅ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ አገር ተንጫጫ። ልጆቹ አንድ አንቀጽ አስረድተው መጻፍ ይችሉ እንደሆነ ግን ፈተናው አልጠየቃቸውም፤ እኛም አልጠየቅንም።

እዚህ ላይ ጽሑፉን «ስለዚህ ሁላችንም» ብዬ ብዘጋው የለመደ ነበር። እንዲያ ከማድረግ ዛሬ ማታ አንድ ደብተር ክፈቱ። ልጁ የጻፈውን አንድ ዓረፍተ ነገር ምረጡና፣ ሳትቆጡ፣ ከልብ ማወቅ እንደሚፈልግ ሰው «የት ላይ ይላል?» በሉት። ዝም ካለ አብራችሁ ምንባቡ ላይ ፈልጉ። ካገኘው ፊቱን እዩት። ካላገኘውና «እዚህ የለም፤ እኔ ነኝ ያልኩት» ካላችሁ ደግሞ፣ ያን ቀን ከአማርኛ ትምህርት ትልቁን ነገር ተምሯል።